ሆዳሟ የቀየሰችው መንገድ

በፈረስ መጋለቢያው ፓርክ መግቢያ ላይ፣ ከዘበኛው ጎጆ አጠገብ፣ በመስታወት የተሸፈነ ትልቅ ካርታ ተሰቅሏል። የሕዝቡ መንገድ በአረንጓዴ መስመር ተስሎበታል። መስመሩ ከበሩ ይነሳል፣ ጋጣዎቹን ያልፋል፣ ዛፎቹን ሰንጥቆ ኮረብታውን ይዞርና ተመልሶ እዚያው በሩ ላይ ይገጥማል። አንድ ቦታ ላይ ግን፣ ልክ ዳገቱ ሊጀምር ሲል፣ ድንገት ሐሳቡን ይቀይራል። ወደ ግራ ይጎብጥና ሜዳ ለሜዳ ረጅም ዙር ሄዶ ከዳገቱ ማዶ ሹልክ ብሎ ይወጣል። በዙሩ መሀል ደግሞ አንዲት ቋጠሮ አለች። መስመሩ እዚያች ጋ ሲደርስ ራሱ ላይ ተጠምጥሞ ነው የሚያልፈው።

የመጣ እንግዳ ሁሉ ይሄ ምንድነው ብሎ ይጠይቃል። የፓርኩ ሠራተኛም ሁሌ እየሳቀ ያንኑ ይመልሳል፤ "ሆዳሟ ናት የቀየሰችው።"

ሆዳሟ ዳማ ፈረስ ነበረች። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ፓርኩ ካርታ ይሠራለት ሲባል የተላከው ቀያሽ ፈረስ የሚፈራ ሰው ሆኖ ተገኘ። መራመድም አልወደደም፣ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ጫማው አሳዘነው። እናም መሣሪያውን ኮርቻዋ ላይ አሰረና ለጋላቢዋ "እኔ እዚሁ እጠብቃለሁ፣ እርስዎ በተለመደው መንገድ ዞረው ይምጡ" አላት። መሣሪያው የፈረሷን እርምጃ አንድ በአንድ መዘገበ። ዳገቱን ትታ በሜዳው መዞሯን መዘገበ። መሀል ላይ ሽንቷ መጥቶ ቦታ ስትመርጥ ክብ መሥራቷንም አልማራትም። ቀያሹ የመጣለትን መስመር ሳያቃና፣ ሳይጠይቅ አሳተመው። ቢሮው ደግሞ ካርታውን ተቀብሎ ቋጠሮዋን ሲያይ "እዚህ ጋ አንድ ቁም ነገር ቢኖር ነው" አለና አግዳሚ ወንበር አስተከለባት፣ "የእይታ ቦታ" የሚል ሰሌዳም አቆመባት። ማኅተም ያረፈበት ነገር አይጠየቅም። ሕዝቡም ሰሌዳ አይቶ ዝም ብሎ አያልፍምና፣ እየተቀመጠ ማየት ጀመረ። ደግነቱ የሚታይ ነገር አለው፤ ከፊቱ ሜዳው፣ ከሜዳው ወዲያ ወንዙ።

ጋላቢዋ እቴቴ ነበረች። እቴቴ የምትላት ታናሽ እህቷ ብቻ ነበረች፣ ኋላ ግን ስሙ ከቤት ወጥቶ ፓርኩን ሞላው። ዘበኛውም ሥራ አስኪያጁም እቴቴ ነው የሚሏት። በሥራ መዝገብ ላይ "የመንገድ ተቆጣጣሪ" ትባላለች። ሥራው ግን ከስሙ ይሰፋል። ጠዋት ጠዋት አካፋና ባልዲ ይዛ መንገዱን በእግሯ ትዞራለች፣ ፋንድያውን ታነሳለች፣ የወደቀ ቅርንጫፍ ትጎትታለች፣ የፈረስ ዓይን የሚወጋ ዝንጣፊ ትመለምላለች። ዝናብ ከዘነበ ደግሞ የራሷ መለኪያ አላት። ተረከዟን አፈሩ ላይ ትተክልና እስከ አምስት ትቆጥራለች። የተረከዟ ጉድጓድ ውሃ ካቆረ መንገዱ ለፈረስ ዝግ ነው። ቀይ ጨርቅ ያለበትን ገመድ ከዛፍ ዛፍ ትወጥራለች፣ ከዚያ በኋላ ማንም ቢመጣ አትፈታውም። አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ሰው ከነአጃቢዎቹ ፈረስ ላይ ተቀምጦ "ገመዱን ፍቺው እንጂ" ሲላት "ወርደው ተረከዝዎን ይሞክሩ" አለችው። ሰውዬው ወርዶ ሞከረ። ካልሲው ድረስ ጭቃ ሆኖ ተመለሰ።

እንዲህ ናት። ሽንጧን ገትራ መከራከር ለእሷ እንደ ቁርስ ነው።

ታዲያ ጡረታ ልትወጣ አራት ወር ሲቀራት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራት። ሰውዬው ከመጣ ዓመት ያልሞላው፣ ጨዋ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። እቴቴ የምትፈራውም እንዲህ ያለውን ነው። የሚጮህ ሰው ምን እንደሚፈልግ ቶሎ ይታወቃል።

"ይቀመጡ እቴቴ። ትንሽ ነገር ናት፣ ፊርማ ብቻ ነው የምፈልገው" አለና አንድ ወረቀት ገፋ አደረገላት።

መነጽሯን አውጥታ አነበበች። "ካርታው በተሠራበት ዕለት ፈረሷ ከመንገድ በመውጣቷ ምክንያት የተሳሳተ መስመር የተመዘገበ መሆኑን፣ የዕለቱ ጋላቢ በመሆኔ አረጋግጣለሁ" ይላል። ከታች የቀያሹ ፊርማ አለ። ከጎኑ ያለው ባዶ ቦታ የእሷ ነው።

"ይሄ ምን ያደርጋል?" አለች።

ሥራ አስኪያጁ አስረዳት። አንድ የግል የጋላቢዎች ክለብ ሜዳውን ፈልጎታል፤ አጥሮ ለአባላቱ መለማመጃ ሊያደርገው ነው። ችግሩ ዙሩ በሜዳው ማለፉ ነው። በደንቡ መሠረት በጸደቀው ካርታ ላይ የሕዝብ ተብሎ የተሰመረ መንገድ በቢሮ ውሳኔ አይዘጋም። መስመሩ በስህተት የገባ መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ይሰረዛል። ካርታው ይታረማል፣ አለቀ።

"ሕዝቡስ በየት ይሂድ?"

"በቀጥታው ነዋ። በዳገቱ። ጤነኛ ሰው በአሥር ደቂቃ ይወጣዋል።"

"ጤነኛ ያልሆነውስ?"

ሥራ አስኪያጁ ከልቡ ያዘነ መሰለ። "ሁሉን ማስደሰት አይቻልም እቴቴ። ደግሞ እርስዎ ምን ይጎዳዎታል? ጥፋቱ የፈረሷ ነው፣ እርስዎን የሚጠይቅ የለም። ፈረሷም ብትሆን ሞታለች፣ አይከፋትም።"

እቴቴ ወረቀቱን ደግማ አነበበች። ሆዳሟ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው። በሃያ ስድስት ዓመቷ፣ ጥርሷ አልቆ፣ ገለባው በውሃ እየራሰላት ስትበላ ቆይታ ነው የሞተችው፣ ጭንቅላቷን እቴቴ ጭን ላይ አድርጋ። ወረቀቱ ላይ ግን ስሟ እንኳን የለም። "ፈረሷ" ብቻ ነው የሚላት።

"አልፈርምም" አለች።

"አሁን አይመልሱልኝ። እስከ ሰኞ ያስቡበት። አራት ወር ነው የቀረዎት፣ በሰላም እንድንለያይ ነው የምፈልገው" አላት ሰውዬው፣ ያው በዚያ በለዘበ ድምፁ።

እቴቴ ከቢሮው ወጥታ በቀጥታ ወደ ዙሩ ሄደች። አግዳሚው ወንበር ላይ ጡረተኛው ፖስተኛ ምርኩዙን ጉልበቱ መሀል አቁሞ ተቀምጧል። ጋሼ ፖስታ ነው የምትለው። ለሠላሳ ዓመት ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ጉልበቱን ጨርሶ፣ አሁን ደረጃና ዳገት ሲያይ ፊቱን ያዞራል።

"ጋሼ፣ ይሄ ዙር ቢዘጋ ምን ይላሉ?" አለችው።

"ማነው የሚዘጋው?"

"ቢዘጋ ነው ያልኩት።"

"እንዲህ ያለ ቀልድ አልወድም" አላትና ወንዙን ማየቱን ቀጠለ።

ከእህቷ ጋር የሚኖሩት ምድር ቤት ባለ ሁለት ክፍል ነው። የበሩን ደፍ እቴቴ ራሷ ጠርባ አስተካክላዋለች። መውጫው ላይ ከአሮጌ የጋጣ በር የተሠራ ሳንቃ ተጋድሟል፣ ተሽከርካሪ ወንበሩ እንዲያልፍበት። ታናሽየዋ ልብስ ሰፊ ናት። እግሮቿ ከልጅነቷ ጀምሮ አይታዘዟትምና መኪናዋ በእጅ የሚዞር ነው። በቀኝ እጇ መዘውሩን እያዞረች በግራዋ ጨርቁን ስትመራ ያያት ሰው እግር ለስፌት ምን ያደርጋል ይላል። ምላሷ ከመርፌዋ የባሰ ነው፣ ደንበኞቿ ለልብሱም ለተረቡም ነው የሚመጡት።

ማታ ሾርባቸውን ይዘው ሲቀመጡ እቴቴ ነገሩን ነገረቻት። ታናሽየዋ ዳቦዋን እየነከረች እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

"ፈርሚላቸው" አለች።

"ምን?"

"ፈርሚ። ይቺ ጅል ፈረስ ለመሳሳቷ መፈረም ምን ክፋት አለው? ተሳስታለቻ። አገር ያወቀው ነው።"

"አንቺስ? ቅዳሜ ቅዳሜ በየት ልትሄጂ ነው?"

"እዚሁ ሳንቃው ላይ ወጣ ገባ እላለሁ" አለች ታናሽየዋ፣ ሳቀችም። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። "ስሚ እቴቴ። እኔ የተዘጋ በር አዲስ አይደለም። አንድ ቢጨመር አልሞትም። አንቺ ግን በእኔ ምክንያት በስተርጅና ከሥራሽ ተባረሽ እንዳላይ።"

እቴቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። 

ማንም የማያውቀው ነገር ነበራ። ቀያሹም፣ ቢሮውም፣ ይቺው እህቷም የማያውቁት።

ካርታው ሳይሠራ በፊት ለሕዝብ የተፈቀደው በዳገቱ የሚሄደው መንገድ ብቻ ነበር። ሜዳው ላይ የድርቆሽ ጋሪ ማለፊያ አለ፣ "ለሠራተኛ ብቻ" የሚል ሰሌዳ የተሰቀለበት። አንድ ቅዳሜ እቴቴ እህቷን በወንበሯ እየገፋች በዚያ ወሰደቻት። ወንዙ ጋ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ዘበኛው ፊሽካውን እየነፋ ደረሰ፣ ከኋላው የያኔው ሥራ አስኪያጅ። "ካርታ ላይ በሌለ መንገድ ሕዝብ አይገባም" ተባለ። የሠራተኛ እህት ናት ብትልም፣ ሜዳው ደረቅ ነው ብትልም ሰሚ አላገኘችም። ጋላቢው ሁሉ እያያቸው ወንበሩን አዙራ ገፋች። ታናሽየዋ እስከ ቤት ድረስ ስትቀልድ ስታስቅ ሄደች። ቤት ስትገባ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች፣ እስከ ማግሥቱ ቃል አልወጣትም።

እቴቴ ያቺን ጀርባ አልረሳችም። ቀያሹ በመጣ ጊዜም ትዝ ያላት እሷው ነበረች።

የዳገቱና የሜዳው መንገድ መለያያ ጋ ሲደርሱ ፈረሷ አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አደረገች። ሁልጊዜ የምትሄደው በዚያ ነው፣ ከዳገቱ ማዶ ገብስ ይጠብቃታል። እቴቴ ልጓሙን ወደ ግራ ሳበች። ፈረሷ ቆመች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ምን ነካሽ የምትል መሰለች። እቴቴ ደግማ ሳበችና በተረከዟ ጎሸም አደረገቻት። ያኔ ነው የዞረችው። እንግዲህ እውነቱ ይሄ ነው፤ ያን ቀን ፈረሷ ልክ ነበረች።

ቀያሹ መስመሩን አይቶ "እዚህ ጋ ምን ሆና ነው?" ሲላት እቴቴ ደነገጠች። የመጣላትን ተናገረች፤ "ሆዳም ናት፣ ምግብ ሸቷት ይሆናል፣ ምን ላድርጋት!" ቀያሹ ሳቀ። የጋጣ ሠራተኞቹ ሰምተው ሳቁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ዳማዋ ነበር የምትባለው። ከዚያ ቀን ወዲያ ሆዳሟ ሆና ቀረች፣ ሆዳሟ እንደተባለችም ሞተች። ሰው በሳቀባት ቁጥር እቴቴም አብራ ትስቃለች፣ ከዚያ ጋጣ ገብታ ጋማዋን ትዳብስላታለች።

ሰኞ ጠዋት ቢሮው ሞልቶ ጠበቃት። ሥራ አስኪያጁ አለ። የክለቡ ተወካይ አለ፣ ፋንድያ ረግጦ የማያውቅ የሚያብረቀርቅ ቡትስ ያደረገ። ጥግ ላይ ደግሞ ቀያሹ ተቀምጧል። ሸብቷል። ጫማው ግን ዛሬም ንጹሕ ነው።

"አሰቡበት?" አላት ሥራ አስኪያጁ።

"አስቤበታለሁ። እስክሪብቶ ይስጡኝ።"

የክለቡ ሰው ፈገግ አለ። እቴቴ መነጽሯን አደረገች፣ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች፣ "ፈረሷ ከመንገድ በመውጣቷ" የሚለው ላይ ረጅም መስመር አሰመረችበት። ከሥሩ ቀስ እያለች በትልልቅ ፊደል ጻፈች። የሚሰማው የእስክሪብቶው ድምፅ ብቻ ነበር። ስትጨርስ ገፍታ መለሰችለት።

ሥራ አስኪያጁ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረና መሀል ላይ ድምፁ ቀነሰ። "ፈረሷ አልተሳሳተችም። በዳገቱ ልትሄድ ነበር። ልጓሙን ይዤ በሜዳው ያዞርኳት እኔ ነኝ፣ ሆን ብዬ ነው። መስመሩ ስህተት የለበትም።"

"እቴቴ" አለ፣ "ምን እንደጻፉ ያውቃሉ?"

"የራሴ ጽሑፍ ነው እኮ።"

"የመንግሥትን ሥራ ሆን ብለው አዛብተዋል ማለት ነው።"

"ምኑን ነው ያዛባሁት? በተለመደው መንገድ ሂጂ ተባልኩ። በዚያ ሜዳ ድርቆሽ ስጭንበት ስንት ዓመቴ! እኔ የለመድኩት መንገድ ነው። ለጋሪ የበቃ መንገድ ለሰው ምን ያንሰዋል? እህቴን ካርታ ላይ የለም ብላችሁ መለሳችኋት፣ ካርታ ላይ አስገባሁላት። ይኸው ነው!"

"በዲሲፕሊን ያስጠይቅዎታል። ጡረታዎ—"

"ይጠይቀኛ! የሚጠይቀኝ ሰው ይምጣና በዚያ ዳገት ላይ ወንበር ገፍቶ ያሳየኝ። ከዚያ እመልስለታለሁ። እስከ ዛሬ ፈረሷ ተጠይቃልኛለች፣ ይበቃታል። ደግሞ አይከፋትም ብለውኛል። እኔን ይከፋኛል!"

 የክለቡ ተወካይ ቡትሱን ተመለከተ።  በዚህ መሀል ከጥግ በኩል አንድ የታፈነ ድምፅ ተሰማ፣ ዞር ሲሉ ቀያሹ ነው፣ ሳቅ ይዞታል።

"ታዲያ ካርታዬ ልክ ነበር?" አለ።

"እንዴት?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ካርታ ተሳቀብኝ እኮ ጌታዬ። 'ፈረስ የቀየሰለት' ነው የምባለው፣ ሠርግ ቤት ሳይቀር። ጋላቢዋ ወዳ የሄደችበት ከሆነ መሣሪያዬ የመዘገበው ትክክል ነው።" ተነስቶ መጣና ጣቱን ፊርማው ላይ አደረገ። "ይቺ ትሰረዝልኝ።"

እቴቴ ለጊዜው ከሥራ ታግዳ የጋጣውንና የመሣሪያ ቤቱን ቁልፍ አስረከበች። ቁልፎቹ ቀበቶዋ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ተንጠልጥለዋል፣ ስትፈታቸው ጎኗ ቀለላት፣ አልወደደችውም።  የሜዳው ነገር ደግሞ ስህተት ከሌለ በቢሮ አያልቅምና፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት እንዲታይ ለምክር ቤቱ ተመራ። እስከዚያው ዙሩ ክፍት ነው። ስትወጣ ጋሼ ፖስታ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ ከማን እንደሰማ እንጃ። "ስብሰባው መቼ ነው?" ብቻ ነበር ያላት። "ደጃፉን ሁሉ አውቀዋለሁ፣ አንድ ቤት አልዘልም።"

ቤት ገብታ ለእህቷ የተናገረችው ከሥራ መታገዷንና ዙሩ አለመዘጋቱን ነው። ሌላውን ዋጠችው። ግን ወሬ እግር አለው፣ ዓርብ ዕለት ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ዘበኛ የጻፈችውን ቃል በቃል ዘረገፈው።

ቅዳሜ ጠዋት እቴቴ እንደማንኛውም ሰው በሕዝቡ በር ገባች፣ እህቷን እየገፋች። ታናሽየዋ ከቤት እስከ በሩ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ለእሷ ይሄ ሕመም ነው። ካርታው ጋ ሲደርሱ "አቁሚኝ" አለች። አረንጓዴውን መስመር ረጅም ጊዜ አየችው።

"አሥራ አንድ ዓመት በፈረስ ታሳብቢያለሽ?" አለች በመጨረሻ።

እቴቴ መስታወቱ ላይ ያለውን አቧራ በእጅጌዋ ጠረገች።

"እኔ ደግሞ ጅል ስላት ኖርኩ። ካሮት እየወሰድኩ፣ 'እንኳን ሆዳም ሆንሽልኝ' እላት ነበር።" በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች፣ ከዚያ ተቆጣች። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ ውለታ አድርገሽ ትቆጥሪዋለሽ። መንገድ ነው፣ ውለታ አይደለም።"

ታናሽየዋ ፊቷን ከካርታው መለሰች።  እጇን ወደ ኋላ ሰዳ የእህቷን እጅ ወንበሩ መግፊያ ላይ ያዘችው። እንዲያው እንደያዘች መለያያውን አለፉ፣ ዳገቱን ወደ ቀኝ ትተው በሜዳው ዞሩ።

መሬቱን ትናንት ዝናብ መቶታል። እቴቴ ልማድ ሆኖባት ቆመችና ተረከዟን አፈሩ ላይ ተከለች። እስከ አምስት ቆጠረች። ጉድጓዱ ደረቅ ነው። የምትወጥረውም የምትፈታውም ገመድ አልነበራትም፣ ግን ማወቅ ፈለገች።

"የእይታ ቦታ" የሚለው ሰሌዳ ጋ ሲደርሱ ወንበሩን ከአግዳሚው ጎን አቆመችና ራሷም ተቀመጠች። ወንዙ ከነድምፁ እዚያው ነው። ታናሽየዋ ትንሽ ቆይታ፣ ጨዋታዋ ተመልሶላት፣ በአገጯ ወደ መሬቱ ጠቆመች።

"ይቺስ ቋጠሮ? ይቺንም አንቺ ነሽ?"

እቴቴ ሳቋ መጣ፣ እንባዋም አብሮት። "አይ" አለች። "ሌላውን ሁሉ የእኔ ነው ብዬ ፈርሜያለሁ። ይቺን አልወስድባትም። እዚህ ጋ ልጓሙን ለቅቄላት ነበር።"